ቲዩነሩ ይቅደም ወይስ ሠርጉ?

በዚህ ዓምድ ስለ ቅናት ያልተባለ ነገር ያለ አይመስለኝም። «የድሮ ፍቅረኛውን ገና አልረሳም» ያለች አለች። «ከእኔ ይልቅ የእናቱን ምክር ይሰማል» ያለች አለች። «ደሞዙን በጓደኞቹ ግብዣ ይጨርሰዋል» ብላ ያለቀሰችም አለች። የዚህ ሳምንት ባለጉዳያችን ባላንጣ ግን የድሮ ፍቅረኛም፣ አማትም፣ ጓደኛም አይደለችም። ሁለት ጎማ፣ አራት ሲሊንደርና 600 ሲሲ ያላት የጃፓን ሞተር ሳይክል ናት!

ደብዳቤውን መጀመሪያ ሳነበው ፈገግ አልኩ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ፈገግታዬ ጠፋ። ለምን እንደጠፋ ኋላ እመጣበታለሁ።

ደብዳቤውን እንዳለ አላትመውም፤ የባለጉዳዮቹን ማንነት የሚያሳውቅ ነገር አለበት። ፍሬ ነገሩ ይኼ ነው። ጸሐፊዋና ዕጮኛዋ አራት ዓመት አብረው ቆይተዋል። ሠርጋቸውን ከፋሲካ በኋላ ሊያደርጉ ቀን ቆርጠው በየወሩ ከደሞዛቸው እየቆነጠሩ በጋራ ያስቀምጣሉ። እሱ ከሁለት ዓመት በፊት ያገለገለ ሞተር ሳይክል ገዛ። ገዝቶም አልቀረ፣ ያስጌጠው ጀመር። የፋብሪካውን ማርሚታ አውጥቶ ክፍትና ድምፁ ጎርናና የሆነ ማርሚታ አስገባለት። የአየር ማጣሪያውንም አየር በብዛት በሚያሳልፍ ዓይነት ለወጠው። ከዚያ ወዲህ ሞተር ሳይክሉ ጠባዩ ተለወጠ። ነዳጅ ሲለቅለት እንደ ርችት ይንጣጣል፤ ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ ለአፍታ ካላቅማማ አይስብም።

አንድ መካኒክ «ቲዩነር ካልገባለት አይስተካከልም» አለው። ሜሪላንድ፣ አሜሪካ የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ለሠርጉ ስለሚመጣ «ምን ይዤልህ ልምጣ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ሙሽራችን ሱፍ አላለ፣ ጫማ አላለ፤ «ቲዩነር!» አለ። ወንድም ገዝቶ ያምጣው እንጂ ሒሳቡን በብር የሚከፍለው እሱ ነው። ከየት? ከሠርጉ ተቀማጭ!

«ዕቃው ምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ የማውቀው የድንኳኑን ቀብድ ገና አለመክፈላችንን ነው» ትላለች እኅታችን። ባለፈው ወር ወደ ሱሉልታ ሲሄዱ ከኋላው ተቀምጣ ነበር። አንድ ከባድ መኪና ደርቦ ሊያልፍ ወጣ ብሎ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ አቅማማ። ከፊት ለፊት ሚኒባስ እየመጣ ነበር። «ሄልሜቱ አንድ ስለሆነ እሱ ነው የሚያደርገው፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጀርባው ላይ ተለጠፍኩ» ብላለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ልቧ «ይስተካከልለት» ይላል፤ ሌላው ልቧ ደግሞ «የሠርጋችንን ገንዘብ አይንካ» ይላል።

እሱም ደግ ሰው መሆን አለበት፤ አምስት ዓይነት ቲዩነሮችን በእጁ ዘርዝሮ የጻፈበትን ወረቀት ሰጥቷት አብራ ልካልኛለች። «ዓምደኛው የወሰነውን እቀበላለሁ» ብሏል። እነሆ በሃያ ስምንት ዓመቴ ሽማግሌ ሆንኩላችሁ!

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ብዕር ያነሣሁ ሰው እንጂ ኢንጂነር አይደለሁም። ግን ሽማግሌ ሳያጣራ አይፈርድምና ሁለት ሳምንት ሙሉ ማኑዋል አገላበጥኩ፤ ጋራዥ በር ላይ ተቀምጬ ስንት ብርጭቆ ሻይ ጠጣሁ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ኮምፒውተሩ የሚያውቀውና የማያውቀው

ቤንዚን ብቻውን አይነድም፤ አየር ይፈልጋል። መጠን ደግሞ አለው። ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ሲደርሰው ሁለቱም ሳይተራረፉ ይነዳሉ። ሙሉ ጉልበት ሲፈለግ ግን ቤንዚኑ በርከት ይላል፤ ለ1 ኪሎ ቤንዚን አየሩ ወደ 13 ኪሎ ይወርዳል። እንደ ጀበና ቡና ውሰዱት። ቡናው ሲያንስ ይቀጥናል፤ ሲበዛ ይወፍራል። ልዩነቱ፣ የቀጠነ ቡና ቢበዛ እንግዳ ያስቀይማል። የቀጠነ ቅልቅል ሞተር ያቃጥላል።

የድሮው ካርቡሬተር ቤንዚኑን የሚመጥነው በቀዳዳ ስፋት ነው። ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ሳይክል ግን ኮምፒውተር አለው። ኮምፒውተሩ የነዳጅ መስጫው ምን ያህል እንደተከፈተ፣ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር፣ የአየሩን ግፊትና ሙቀት ያያል። ከዚያ ፋብሪካው የሞላለትን ሠንጠረዥ ተመልክቶ «ኢንጀክተሩ ለዚህን ያህል ሺህኛ ሰከንድ ይከፈት» ብሎ ያዛል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። አብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች የሚገባውን አየር በቀጥታ አይለኩትም። ከሠንጠረዡ ነው የሚገምቱት። ሠንጠረዡ ደግሞ የተሠራው ለፋብሪካው ማርሚታና ለፋብሪካው ማጣሪያ ነው። ወንድማችን ሁለቱንም ለወጠ፤ ሞተሩ በቀላሉ መተንፈስ ጀመረ፤ አየሩ በዛ። ኮምፒውተሩ ግን ወሬውን አልሰማም! እንደ ድሮው ነው ቤንዚን የሚያድለው።

የቀጠነ ቅልቅል ነዳጅ ሲሰጡት ያቅማማል። ዳገት ላይ ሲጫን ሞተሩን ያግለዋል፤ ያለጊዜው እየፈነዳ ያንኳኳል፤ ከባሰም ፒስተን ይበሳል። በጣም የወፈረ ቅልቅልም ደግ አይደለም። ካንዴላ ያጠቁራል፣ ቤንዚን ይጠጣል፣ የሲሊንደሩን ግድግዳ የሚጠብቀውን ዘይት ያጥባል።

ቲዩነር ማለት እንግዲህ ይህን የኮምፒውተሩን ትዕዛዝ የሚያርም ዕቃ ነው። የሚያርም አልኩ እንጂ የሚያውቅ አላልኩም! ስንት ይጨምር፣ ስንት ይቀንስ፣ በየትኛው ዙር ላይ የሚለውን አንድ ሰው ለክቶ ሊነግረው ይገባል። ካልተነገረው የተሳሳተውን በሌላ ስሕተት ይተካዋል፤ ያውም በዶላር ተገዝቶ።

«አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነች…»

በወረቀቱ ጫፍ ላይ ወንድማችን አንድ ነገር ጽፏል። አዲስ አበባ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች ሞተር ሳይክሉ ጉልበቱን አጥቷል፤ ቲዩነሩ ይመልስለታል። ይህን ሐሳብ በየጋራዡ ሰምቻለሁ። ግማሹ እውነት ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ በባሕር ወለል ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ 75 አካባቢ ቢሰጥ ጤነኛ ነው። ወደ እንጦጦ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል።

ታዲያ ቲዩነር ይመልሰዋል? አይመልሰውም። እንጦጦ ላይ የጎደለው ቤንዚን አይደለም፤ አየር ነው። ሣጥን ቤንዚን ይጨምር ይሆናል እንጂ አየር አይፈጥርም። በዚያ ላይ ኢንጀክሽን የግፊት መለኪያ ስላለው አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን ራሱ ይቀንሳል። ከፍታ የሚያሰቃየው ካርቡሬተርን ነው፤ ለቆላ የተመጠነው ቀዳዳ ደጋ ላይ ያወፍራል። «ከተማዋ ከፍ ያለች ስለሆነች ቲዩነር ግዛ» የሚልህ ሰው ካጋጠመህ ሻይህን ጨርሰህ ተነሣ።

አምስቱ ምርጫዎች

አንደኛው 20 ዶላር የማይሞላ «ቺፕ» ነው። ይህ ቺፕም አይደለም፤ በአየር ሙቀት መለኪያው ገመድ ላይ የሚገባ ትንሽ ሬዚስተር ነው። ኮምፒውተሩን «አየሩ ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ይዋሽዋል። ቀዝቃዛ አየር እጥፍጥፍ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል። የሚጨምረው ግን ያስፈለገበት ቦታ ለይቶ አይደለም፤ በሁሉም ላይ ነው። የሚያስፈልግህ ቀይ ሽንኩርት ላይ ጨው መነስነስ ሆኖ ሳለ ድስቱን በሙሉ ጨው እንደ መድፋት ነው። ይሰረዝ!

ሁለተኛው ቁልፍ ያላት ትንሽ ሣጥን ናት። በኢንጀክተሩና በኮምፒውተሩ መካከል ትገባለች፤ በቀስታ ጉዞ፣ በፍጥነት ሲሳብና ሙሉ ነዳጅ ሲሰጥ ቤንዚኑን በየክፍሉ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻልባታል። ላፕቶፕ አትጠይቅም። ዋጋዋም ከሌሎቹ ያንሳል። ድክመቷ ማረሚያዋ ሻካራ መሆኑ ነው፤ ሦስት አራት ክፍል ብቻ ነው ያላት። ለተነካካ ግን ብዙ ላልተነካካ ሞተር ታገለግላለች።

ሦስተኛው ዳይኖጄት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው ፓወር ኮማንደር ነው። ይኼም መካከል ላይ የሚገባ ነው፤ ግን ሠንጠረዡ ዝርዝር ነው። ለእያንዳንዱ የነዳጅ መስጫ አከፋፈትና ለእያንዳንዱ ዙር በመቶኛ ጨምር ቀንስ ማለት ይቻላል። ከላፕቶፕ ጋር በገመድ ይገናኛል። ትልቁ ጥቅሙ የፋብሪካውን ኮምፒውተር አለመንካቱ ነው፤ ሶኬቱን ነቅለህ የድሮውን ስትመልስ ሞተር ሳይክሉ እንደነበረ ይሆናል። ሞተር ሳይክሉን ስትሸጥ ለብቻው ይሸጣል። ጉድለቱ? ለእያንዳንዱ ሞዴልና ዓመት ለየብቻው ስለሚሠራ ዓመቱን ከተሳሳትክ ሶኬቱም አይገባ፣ ሠንጠረዡም አይሆን።

አራተኛው «ፍላሽ» የሚባለው ነው። ይህኛው መካከል ላይ አይገባም፤ የኮምፒውተሩን የራሱን ሠንጠረዥ ነው ደምስሶ የሚጽፈው። ቤንዚኑን ብቻ ሳይሆን ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜና የዙሩን ጣሪያም መለወጥ ይችላል። በባለሙያ እጅ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ በገመድ መሐል የሚበላሽ ተጨማሪ ዕቃም የለም። ያለ ባለሙያ ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ የተሳሳተ የካንዴላ ጊዜ ፒስተኑን ለመብሳት ብዙ ደቂቃ አይፈጅበትም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው ወንድምዬው ሜሪላንድ ውስጥ ሃርሊ ዴቪድሰን ይነዳል፤ ከሸጠው ከድሮው ሃርሊ የቀረ የቫንስ ኤንድ ሃይንስ ኤፍፒ3 አለው፤ «በነፃ ይዤልህ እመጣለሁ» ብሏል። ነፃ! አይጣፍጥም? በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ኤፍፒ3 ጥሩ ዕቃ ነው፤ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ ተገናኝቶ የሃርሊን ኮምፒውተር ፍላሽ ያደርጋል። ነገር ግን ለሃርሊ የተሠራው ለጃፓኑ ሞተር ሳይክል አይሆንም። ቢሆንስ ኖሮ? እንዲህ ያለው ዕቃ አንዴ ሥራ ላይ ሲውል ከዚያ ሞተር ሳይክል የሻንሲ ቁጥር ጋር ይታሰራል። የቁርባን ጋብቻ በሉት፤ ሌላ አይለምድም። ያገለገለ የፍላሽ ዕቃ የምትገዙ ወጣቶች ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ታስሯል ወይስ ተፈትቷል?» የሚል ይሁን።

አምስተኛው ራሱን በራሱ የሚያርመው «ኦቶ ቲዩን» ነው። በጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ሰፊ ልኬት ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ይበየድለታል። ሴንሰሩ ቅልቅሉ መቅጠኑን ወይም መወፈሩን እየለካ ይናገራል፤ ሣጥኑም እየሄድክ ሠንጠረዡን ያስተካክላል። ዛሬ ማርሚታ፣ ነገ ማጣሪያ እያለ ለሚለዋውጥ ሰው የሚመች ነው። ግን ከሁሉም ውድ ነው፤ ሴንሰሩም ያልቃል። በዚያ ላይ ማርሚታው በጋኬት በኩል ትንሽ አየር ካስገባ ሴንሰሩ ያንን አየር አይቶ «ቀጥኗል!» ብሎ ይጮኻል፤ ሣጥኑም ባልጎደለ ላይ ቤንዚን ይደፋል።

እነዚህ ከቺፑ በስተቀር በአሜሪካ ገበያ እንደየዓይነታቸው ከ200 እስከ 600 ዶላር አካባቢ የሚወጣባቸው ናቸው። ኦቶ ቲዩን ሲጨመር ከዚያም ሊያልፍ ይችላል።

ምርጫው የሣጥን አይደለም

ወንድሜ ሆይ፣ ወረቀትህ ላይ የሣጥን ስም አምስት ጊዜ ጽፈሃል። የአንድ ሰው ስም ግን አልጻፍክም። ማን ነው የሚለካልህ?

በውጭ አገር ሞተር ሳይክል የሚስተካከለው ዳይኖ በሚባል መሣሪያ ላይ ነው። የኋላ ጎማው ከባድ ከበሮ ላይ ይቀመጥና እየተሽከረከረ ጉልበቱ ይለካል፤ ከማርሚታው በሚወጣው ጭስ ቅልቅሉ ይነበባል፤ ሠንጠረዡ ሕዋስ በሕዋስ ይሞላል። ያ ከሌለ ቢያንስ ሰፊ ልኬት ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ገጥሞ፣ እየነዳ መዝግቦ፣ መዝገቡን ማንበብ የሚችል ሰው ያስፈልጋል። «በጆሮዬ አዳምጬ አስተካክልልሃለሁ» የሚል መካኒክ ለካርቡሬተር ሚኒሞ ይሆናል። በደቂቃ 10,000 ጊዜ ለሚዞር ሞተር ግን ጆሮ አይበቃም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው። መጀመሪያ ሰውየውን ፈልግ። «በምን ትለካለህ? ለካኸውን በቁጥር ታሳየኛለህ? በየትኛው ዕቃ ነው መሥራት የለመድከው?» ብለህ ጠይቀው። እሱ የለመደው ላንተ የሚሆነው ዕቃ ነው። ሰው ካላገኘህ ከሁሉ ውዱ ሣጥን ገመድ የበዛበት ጌጥ ነው።

ለሜሪላንዱ ወንድም ደግሞ ይህን ንገረው። አሜሪካ ውስጥ የቲዩነር ነገር ሕግ አለበት። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2016 ሃርሊ ዴቪድሰን «ሱፐር ቲዩነር» በሚባሉ ዕቃዎች ሳቢያ 12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ከአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ጋር ተስማምቷል። ኤጀንሲው ከ2008 ጀምሮ 340,000 ያህሉ ተሸጠዋል፤ ሞተር ሳይክሎቹም ከተፈቀደው በላይ የተበከለ ጭስ እንዲያወጡ ያደርጋሉ የሚል ክስ ነበረው። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ «ለውድድር ብቻ» የሚል ይኑር አይኑር ያንብብ። የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ የፈቃድ ቁጥር ያለው ዕቃ ጭሱ ተፈትሾ ያለፈ ነው። እኛም ያንኑ ጭስ ነው የምንተነፍሰው።

ገንዘብ የማይጠይቀው ፈተና

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሞተር ሳይክሉ በእርግጥ ቲዩነር ያስፈልገዋል? በብላሽ ማወቅ ይቻላል። እኅታችን እንደጻፈችልኝ የፋብሪካው ማርሚታና የፋብሪካው ማጣሪያ አልተሸጡም፤ በካርቶን ሆነው አልጋ ሥር ተቀምጠዋል። ወንድሜ፣ አልጋው ሥር ግባ! ሁለቱንም መልሰህ ግጠምና አንድ ሳምንት ለብቻህ ንዳው። ማቅማማቱ ከጠፋ በሽታው ታወቀ፤ ሠንጠረዡና ዕቃዎቹ አልተጣጣሙም ማለት ነው። ማቅማማቱ ካልጠፋ ግን የዓለም ቲዩነር ቢሰለፍ አያድነውም፤ የቆሸሸ ኢንጀክተር፣ የታፈነ የቤንዚን ማጣሪያ፣ የደከመ ፓምፕ፣ ያረጀ ካንዴላ ወይም ያልተስተካከለ ቫልቭ አለ። መካኒኩ ከእነዚህ አንዱንም ሳያይ «ቲዩነር» ካለህ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሆኗል።

መንጣጣቱም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ክፍት ማርሚታ ነዳጅ ሲለቀቅ መንጣጣቱ የተለመደ ነው፤ ማርሚታው በተገጠመበት በኩል ጋኬቱ ካላሸገ ደግሞ ይብስበታል። የጋኬት ዋጋ ከቲዩነር ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ሌላ መካከለኛ መንገድም አለ። ጎርናናውን ድምፅ መተው ካቃተህ ማርሚታውን አስቀርና ማጣሪያውን ብቻ ወደ ፋብሪካው መልስ። ጫፉ ላይ ያለው ማርሚታ ብቻ ሲለወጥ ብዙ ሞተር ሳይክሎች ያለ ቲዩነር ይሄዳሉ፤ ብዙውን ጊዜ ሚዛኑን የሚያዛባው ማጣሪያው አብሮ ሲከፈት ነው።

ፍርዱ

እንግዲህ ሽማግሌ ካላችሁኝ ስሙኝ።

እኅቴ፣ ዕጮኛሽ ከአንቺ ይልቅ ሞተር ሳይክሉን ይወዳል ብለሽ አትዘኚ። አምስት ምርጫ ጽፎ «ይፈረድብኝ» ብሎ ወረቀቱን በእጅሽ የሰጠ ሰው ክፉ ዕጮኛ አይደለም። «አልገባኝም» ብለሽ ደግሞ ዝም አትበዪ። አሁን ገብቶሻል። «ማን ይለካዋል? የድሮውን ማርሚታ መልሰህ ሞክረሃል? ጋኬቱን አይተሃል?» ብለሽ ጠይቂው። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የመለሰ ሰው ገንዘብ አያባክንም።

ወንድሜ፣ የሠርጉ ተቀማጭ አይነካ። የሁለታችሁ ነው፤ ቀን ተቆርጦለታል፤ ሞተር ሳይክሉ ግን ቀን አልተቆረጠለትም። እስከ ሠርጉ ድረስ በፋብሪካው ማርሚታና ማጣሪያ ይሂድ። ድምፁ ይቀንሳል፤ ሞተሩ ግን አይቃጠልም። ከሠርጉ በኋላም ልብህ ካልተወው ከራስህ ኪስ አጠራቅምና ግዛ። ዓመትና ሞዴሉ ከሞተር ሳይክልህ ጋር ልክ የሆነ፣ መካከል ላይ የሚገባ፣ ተነቅሎ የሚመለስ ዓይነት ይሁን፤ ይኸውም ሦስተኛው ምርጫህ ነው። ይህን የመረጥኩልህ ከሁሉ የረቀቀ ስለሆነ አይደለም። ቢበላሽም፣ ባለሙያው ቢጠፋም፣ ሐሳብህ ቢለወጥም ሶኬቱን ነቅለህ በእግሩ የሚሄድ ሞተር ሳይክል ስለሚተርፍህ ነው። ያውም የሚለካልህን ሰው ካገኘህ በኋላ ብቻ! ፍላሹንና ኦቶ ቲዩኑን ባለሙያ ላለው፣ ባለ ሃርሊውንም ለሃርሊው ተውለት።

አሁን ፈገግታዬ ለምን እንደጠፋ ልንገራችሁ። ስድስት ገጽ ደብዳቤና አንድ ገጽ ዝርዝር ውስጥ ስለ ቲዩነር፣ ስለ ድንኳን፣ ስለ ቀብድ ብዙ ተጽፏል። «ሄልሜቱ አንድ ነው» የምትለው ግን በአንድ መስመር፣ እንደ ዋዛ ነው ያለፈችው። ሁለታችሁም አላያችኋትም። ያ ሚኒባስ ትንሽ ቢቀርብ ኖሮ እኮ ይህ ዓምድ ዛሬ ስለ ሠርግ አይጽፍም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ ሄልሜት በሞተር ሳይክል አደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ በጭንቅላት የመጎዳትን ዕድል በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል። በሞተር ሳይክል ላይ ከሚጨመሩ ዕቃዎች ሁሉ እንዲህ ያለ ቁጥር ያለው ቲዩነር አላገኘሁም።

ስለዚህ ወንድምህ «ምን ይዤልህ ልምጣ?» ሲልህ መልስህን ለውጥ። በእኅታችን ራስ ልክ፣ አገጭ ድረስ የሚሸፍን፣ አንድ አዲስ ሄልሜት። አዲስ አልኩ፤ ያገለገለ ሄልሜት ወድቆ እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። የራሷን ዙሪያ ከቅንድቧ ከፍ ብለህ በሜትር ለካና በሴንቲሜትር ላክለት። ይህኛው ከሠርጉ ተቀማጭ ቢቀነስም ሽማግሌው ፈቅዷል! እሷም ሄልሜቷ እስኪመጣ ድረስ ከኋላ አትቀመጥ፤ ታክሲ ትሳፈር።

የሁለታችሁንም መልስ እጠብቃለሁ። የጋኬቱን ነገር ምን ሆነ? ድንኳኑስ ቀብድ ተከፈለ? ጻፉልኝ። ሌሎቻችሁም ከባለ ሁለት እግርም ሆነ ከባለ ሁለት ጎማ ባላንጣ ጋር ያላችሁን ጭቅጭቅ ላኩልኝ፤ ስም አይጠቀስም፣ ምስጢር አይወጣም።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ያሰንብተን!